ጠፋብኝ የማይለው ነጥብ

ኅዳር 3

እትዬ፣

ሰላምታውን አሳጥሬ እንዳልፍ ፍቀጂልኝ። እኛ ቤት «ደህና ነን» ማለት ምን እንደሆነ ታውቂዋለሽ፤ ጣራው ቢደረመስብን ከፍርስራሹ ሥር ሆነን «ደህና ነን፣ ብቻ አንቺ ራስሽን ጠብቂ» ነው የምንልሽ። እና ደህና ነን።

ወደ ጥያቄሽ ልግባ። የለም፣ አባዬ ስልክ ላይ የማይመጣው ተቀይሞሽ አይደለም። እማዬ «ሥራ በዝቶበት ነው» ያለችሽም ነጭ ውሸት ነው። ድምፁ ተዘግቶ ነው። መጀመሪያ ጉንፋን ነው ተባለ፤ ከዚያ የመናኸሪያው አቧራ ሆነ፤ ከዚያ ጥፋቱ ወደ ማይክራፎኑ ዞረ፤ አሁን ማንም ምንም አይልም። አንገቱ ላይ እብጠት ወጥቶበታል፤ እንዳይታይበት ሸሚዙን እስከ ላይኛዋ ቁልፍ ድረስ ቆልፎ ይውላል። ዕድሜውን ሙሉ «አውቶቡሱ ሊነሳ ነው» እያለ አገር ምድሩን ሲያሳፍር የኖረ ሰው፣ አሁን ጨው አቀብሉኝ ለማለት ጠረጴዛ ያንኳኳል።

ይህን በስልክ ለምን አልነገርሽኝም እንዳትዪ። በዚህ ቤት ስልክ የሚወራው በላውድስፒከር ነው። እማዬ «ሁላችንም እንስማ» ብላ መሃል ጠረጴዛ ላይ ታስቀምጠዋለች፣ ጋሼ ካርታ ደግሞ ስብሰባውን ይመራሉ። አጎታችን እንደድሮው ናቸው፤ ያወጣሽላቸው ስም እስካሁን ልክክ ይላቸዋል። እሳቸው መንገድ ጠፍቷቸው አያውቅም፤ የሚጠፋው መንገዱ ነው።

ባለፈው ሳምንት አባዬን ለአልትራሳውንድ ያደረሱት እሳቸው ናቸው። ሆስፒታሉ ከቤታችን ቀጥ ብሎ ነው፤ እኛ በብሎኬት ማምረቻው በኩል ዞረን ደረስን። አባዬ በእጁ ቢያመለክታቸው «አውቀዋለሁ፣ አቋራጭ ነው» አሉት። አቋራጩ ጭቃ ውስጥ አስገባን።

እኔ ደጋፊ ተብዬ ክፍሉ ድረስ ገባሁ። ባለሙያዋ አንገቱን ያንን ቀዝቃዛ ቅባት ለቀለቀችውና «ዋጥ ያድርጉ አባት፣ አይናገሩ፣ አይንቀሳቀሱ» አለችው። ስክሪኑ ላይ የማየው ነገር አንቴናው የወደቀ ቴሌቪዥን ነው የሚመስለው። አባዬ ሊውጥ ቢል ምራቅ እምቢ አለው። ፊቱ ላይ ፍርሃት አየሁ። አባዬ ሲፈራ አይቼ ስለማላውቅ ጠጋ ብዬ ጆሮው ሥር አንድ ነገር አልኩት። ሳቀ፤ ያ የድሮው ሳቁ፣ ሆዱ ሁሉ የሚንቀጠቀጥበት። ባለሙያዋ «እሷን ማን አስገባት?» ብላ አስወጣችኝ።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። አባዬ ውስጥ ሆኖ ሲለብስ ቀዶ ሐኪሙ እማዬንና ጋሼ ካርታን ኮሪደር ላይ አነጋገራቸው። ቀደም ሲል ከእብጠቱ በመርፌ የተወሰደው ናሙና ክፉ ዕጢ ነው ብሏል። እብጠቱ አባዬ ሲውጥ ለብቻው የሚንሸራተት ከሆነ እሱን ብቻ ቆርጦ ያወጣዋል። ከአየር ቧንቧው ጋር ከተጣበቀ ግን ማንቁርቱም አብሮ ይወጣል፤ ሐኪሙ የሚፈራው ይሄንን ነው። ጋሼ ካርታ «ማንቁርት ማለት?» አሉ። «ድምፁ» አላቸው።

ወዲያው ተስማሙ። ለአባዬ «ትንሽ እባጭ ናት፣ ተቆርጣ ትወጣለች» ተባለ። እኔ አጠገባቸው ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ማሰሪያ አስር ነበር። ጫማዬ ማሰሪያ የለውም፤ አንዳቸውም አላዩም።

የአልትራሳውንዱን ፊልም ለሐኪሙ እንድናደርስ በሲዲ ሰጥተውን ነበር፤ ፍላሽ ላይ ገልብጬዋለሁ። ጎረቤታችን ሾፌሩ ወዳንቺ ከተማ ሲነዳ ከደብዳቤው ጋር ያደርስልሻል። አንቺ ቀኑን ሙሉ የምታዪው እንዲህ ያለውን ነው አይደል? እይውና ንገሪኝ። ይንሸራተታል? ካልተንሸራተተ ለአባዬ እነግረዋለሁ። ድምፁ የሱ ነው፣ የስብሰባው አይደለም።

ምላጭ

ኅዳር 10

ምላጬ፣

ደብዳቤሽን ሥራ ቦታ ሽንት ቤት ውስጥ ተቆልፌ አነበብኩት። ስላልደበቅሽኝ አመሰግንሻለሁ። በናንተ ግን በጣም አዝኛለሁ፣ አንቺንም ጨምሮ፤ እስኪጠየቁ ድረስ ዝም ይባላል?

ሥራሽ ምንድነው ስትዪኝ ሁሌ «ነጥብ ማድረግ» እልሽና ትስቂብኝ ነበር። ዛሬ በደንብ ልንገርሽ። በአልትራሳውንድ ሥጋ የተበተነ አሸዋ ይመስላል። ከአሸዋው አንዷን ቁራጭ መርጠን ነጥብ እናደርግባታለን። ፕሮግራሙ በሚቀጥለው ምስል ላይ ያንኑ የአሸዋ መልክ ፈልጎ ነጥቡን ያስከትለዋል፤ በሚቀጥለውም እንዲሁ። በዚህ ዓይነት ሥጋው ሲተነፈስ፣ ሲዋጥ ወዴት እንደሚሄድ እናውቃለን። አንዳንዱን ፊልም ደግሞ ፕሮግራሙን ለመፈተን ምስል በምስል በዓይናችን እያየን፣ ነጥቡን በእጃችን እናስቀምጣለን። ዓይን ያጠፋል፣ ግን ትክክለኛው እሱ ነው።

የላክሽውን በፕሮግራሙ አስኬድኩት። አንድ ነጥብ እብጠቱ ላይ፣ አንድ የአየር ቧንቧው ላይ አደረግሁ። ሲውጥ ሁለቱ ነጥቦች ተለያዩ። ገባሽ? እብጠቱ በራሱ መንገድ ሄደ። ይንሸራተታል፣ ምላጬ!

ስለዚህ ለአባዬ ምንም እንዳትነግሪው። ሐኪሞች ሁሌም የከፋውን ያስቀድማሉ። በማይሆን ነገር አታስደንግጪው።

ፊልሙ መሃል ላይ ሁሉ ነገር የሚናወጥበት ቦታ አለ። ሳቁ መሆኑ ነው? ምን ብትዪው ነው እንዲህ የሳቀው?

እህትሽ

ኅዳር 14

እትዬ፣

«ይንሸራተታል» የምትለዋን ቃል አልጋዬ ላይ ዘልዬ አነበብኳት። እማዬ ምን ሆነሽ ነው ስትለኝ «የሒሳብ ፈተና አለፍኩ» አልኳት። ስላላመነችኝ ውጤቱን አምጪ ብላኛለች፤ በአንቺ የተነሳ አሁን የምር ማጥናት ሊኖርብኝ ነው።

«እንዳትነግሪው» ላልሽኝ፦ አዎ፣ ነግሬዋለሁ። ከመጮኽሽ በፊት ስሚኝ። እኔ አልጀመርኩትም። ጓሮ ተቀምጠን ጫማውን እየጠረገ ሳለ በዚያ በሻከረ ድምፁ «ምላጭ፣ እነዚህ ሰዎች እንደ ሕፃን እያባበሉኝ ነው፤ እናትሽ ሰሞኑን አንድም ቀን አልተቆጣችኝም፤ ከዚህ በላይ ምን ምልክት አለ? አንቺ ታሾፊብኛለሽ እንጂ አትዋሺኝም። ድምፄ ይተርፋል?» አለኝ።

አንቺ ያንን ባትጽፊልኝ ኖሮ ምን እንደምል አላውቅም። ጽፈሽልኛልና «ይተርፋል» አልኩት። ያየችው እትዬ ናት፣ በፕሮግራም ነው፣ ነጥብ አድርጋበት ነው፣ ይንሸራተታል አልኩት። ጫማውን አስቀመጠና ያቺን የላይኛዋን ቁልፍ ፈታት።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ፤ አታልቅሺ። ኮቱን ለላውንድሪ ሰጥቶ ነበር። ሳንታዘበው በድብቅ ትኬት ቆርጦ ከቀዶ ሕክምናው በፊት አንቺ ጋ ሊመጣ ነበር ለካ፤ «ምናልባት» ብሎ። አሁን ትኬቱን መለሰው። «እንግዲያው ድኜ እሄዳለሁ፤ ያኔ በደህና ድምፅ አወራታለሁ» አለ። ለመናኸሪያው ኃላፊም «ወንበሬ ላይ ሰው እንዳታስቀምጡ» ብሎ አስጠንቅቆ መጥቷል። ቀጠሮው ኅዳር 25 ነው።

አልትራሳውንዱ ላይ ጆሮው ሥር ምን እንዳልኩት? አልነግርሽም። እንዲህ ያለ ነገር በደብዳቤ አይነገርም፤ ድምፅ ይፈልጋል።

ምላጭ

ኅዳር 22

ምላጬ፣

ትናንት በስልክ ብቻሽን ነሽ ወይ ብዬሽ «ብቻዬን ነኝ» ስላልሽኝ ነው የተናገርኩት። አልፈርድብሽም። አባዬ ሶፋው ላይ የተኛ መስሎሽ ነበር፤ ስልኩም እዚያ ቤት ከላውድስፒከር ወርዶ እንደማያውቅ ረስተሽው ነው። እኔም ረስቼዋለሁ። ካወራሁት በኋላ «ሰማሁሽ» ያለውን ብቻ ነው የሰማሁት። ከዚያ ተዘጋ።

ሳልጨርሰው የተቋረጠውን ልጨርሰው።

ፊልሙን መልሼ የከፈትኩት ለሥራ አይደለም። አባዬ ናፍቆኝ ነው። ሳቁን ላየው ፈልጌ አዘገየሁት። የሰው ሳቅ በአልትራሳውንድ አስቂኝ ነገር ነው፤ ሁሉም ሥጋ በአንድ ላይ ይዘላል፣ አሸዋው መልኩ ይጠፋል። እሱን እየተመለከትኩ ሳለ ነጥቤን አየኋት። ሲስቅ ከእብጠቱ ላይ ወርዳ አጠገቡ ያለው ጡንቻ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ በኋላ ሲውጥ የተንሸራተተው ጡንቻው ነው። እብጠቱ አይደለም።

ፕሮግራሙ ጠፋብኝ አይልም። የያዘው መልክ ሲበተንበት የሚመስለውን ጎረቤት ይይዝና ምንም እንዳልሆነ ይቀጥላል። ይህንን አዲስ ለሚቀጠሩ ሁሉ የማስተምረው እኔ ነኝ።

ከዚያ በእጄ ሠራሁት። ከመጀመሪያው ምስል እስከ መጨረሻው። እብጠቱና ቧንቧው አብረው ይወጣሉ፣ አብረው ይወርዳሉ። በመሃላቸው ምንም የለም። ተጣብቀዋል።

ለምን መጀመሪያውኑ በእጅሽ አላደረግሽውም ብለሽ ጠይቀሽኝ መልስ ሳልሰጥሽ ነው የተዘጋው። የአባዬን አንገት ምስል በምስል፣ በዚያ ሁሉ ሰዓት ማየት ስላልቻልኩ ነው። ማሽኑ እንዲያይልኝ ፈለግሁ።

ልምጣ? ዛሬ በሉኝና ዛሬ እነሳለሁ። ድምፁን ከሱ አፍ ልስማ።

እህትሽ

ኅዳር 24

እትዬ፣

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ምን ሆነ ብለሽ እየሞትሽ ይሆናል፤ ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

ስልኩን የዘጉት ጋሼ ካርታ ናቸው። ከጓዳ ብቅ ሲሉ ድምፅሽን ሰምተው ሮጠው መጥተው ዘጉትና «መስመሩ ተበላሸ» አሉ። አባዬ ሶፋው ላይ ቀና ብሎ ተቀምጧል። «መስመሩ ደህና ነው» አላቸው። «ኔትወርኩ ነው እንግዲህ» አሉ። «ኔትወርኩም ደህና ነው፣ ጋሼ። ይቀመጡ።»

ከዚያ እማዬን ጠራትና ሁላችንንም አስቀምጦ ተራ በተራ «የምታውቁትን ንገሩኝ» አለን። እንደ ክፍል አለቃ። እማዬ ድምፁ ሊጠፋ እንደሚችል ታውቅ ነበር፣ የማያውቀው እሱ ብቻ ነበር። ጋሼ ካርታ ከዚያም በላይ ያውቁ ነበር፤ ለብቻቸው ተመልሰው ሐኪሙን ጠይቀው፣ ዕጢው ሁሉ ላይወጣ እንደሚችል ተነግሯቸው ከእማዬም ደብቀዋል። ለቀዶ ሕክምናውም ፈርመዋል። እማዬ ይሄኔ ብድግ አለችና የወንድሟን ትከሻ በሶፋ ትራስ መታች። ተናግሬ ልሞት፦ ሌላ ቀን ቢሆን በሳቅ እሞት ነበር።

የኔ ተራ ሲደርስ «እኔ ያልኩህን ሰምተሃል» አልኩት። «ያልሽኝ ውሸት ነው?» አለኝ። «ስነግርህ ውሸት አልነበረም» አልኩ። «እህ፣ ይሄ እንኳ ይሻላል» አለ። ከዚያ ያቺን ቁልፍ መልሶ ቆለፋት። እትዬ፣ ጋሼ ካርታን መምታት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ፤ ግን እጄ አልታዘዘኝም።

«ቀዶ ሕክምናው ይቅርብኝ» ይላል ብለን ነበር። አላለም። እብጠቱ ከቆየ ትንፋሹን እንደሚዘጋው ሐኪሙ ራሱ በስልክ ነገረው፤ በላውድስፒከር፣ አባዬ ራሱ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦት። ነገ ጠዋት ይገባል። ይህ ሲደርስሽ አልቋል።

«ልምጣ?» ላልሽው፣ አትምጪ አለ። እኔ አይደለሁም፣ እሱ ነው፤ እንደወረደ ልጻፍልሽ፦ «ከመጣች የምናወራው ስለዚህ ነው። ስለዚህ ማውራት አልፈልግም። የቀረችኝን ድምፅ ለተሳፋሪ ልጨርሳት።» ተከራክሬዋለሁ። ስልኩን ሰጥቼው ቁጥርሽንም ነክቼለት ነበር። ይዞት ተቀመጠ፣ ተቀመጠና መልሶ ሰጠኝ።

ዛሬ ጠዋት መናኸሪያ ሄደ። እኔም ከትምህርት ቤት ቀርቼ ተከተልኩት፤ አየኝ፣ ግን አልተቆጣኝም። ቀኑን ሙሉ አውቶቡሶቹን ሲጠራ ዋለ። ድምፁ እንደ ተቀደደ ቆርቆሮ ነበር። ሰዉ «ዛሬ ምን ሆኗል ድምፅ ማጉያው?» ይላል። ኃላፊው በስልኩ ሊቀዳው ሲል አባዬ በእጁ ከለከለው። ወዳንቺ የሚሄደው አውቶቡስ ሲደርስ እንደወትሮው ጠራው። ማይክራፎኑን ግን አላጠፋውም። በሥራ ዘመኑ ሁሉ ከተጻፈው ውጪ ተናግሮ የማያውቅ ሰው፣ አንድ ነገር ጨመረ።

ምን እንዳለ ሾፌሩን ጠይቂው። ተመልሶ በሚቀጥለው ጉዞው ይህን ደብዳቤ የሚያመጣልሽ እሱ ነው፤ መሪውን ይዞ ሰምቷል።

ምላጭ

ታኅሣሥ 2

ምላጬ፣

ሾፌሩ ነገረኝ። ልስማው ብዬ ሦስቴ አስደገምኩት።

እማዬ በስልክ «ደህና ነው» ትለኛለች። ጋሼ ካርታ «ደህና ነው» ይሉኛል። አንቺ ለምን አትጽፊም? ሁሉም ወጣለት? ይስቃል?

እህትሽ

ታኅሣሥ 9

እትዬ፣

ያልጻፍኩት ብዕር ስለጠፋ ነው ብልሽ አታምኚኝም። እያነሳሁ ስተወው ነው።

ከቀዶ ሕክምናው ጠዋት ልጀምር። ጋሼ ካርታ ይነዱ ነበር። ሰማዩ ገና አልነጋም፣ አባዬ ከፊት፣ እኔና እማዬ ከኋላ። ብሎኬት ማምረቻው ጋ ስንደርስ መኪናውን አቆሙት። መስኮቱን ዝቅ አደረጉና መንገድ የሚጠርገውን ሰውዬ «ወንድም፣ ሆስፒታሉ በየት ነው? ጠፍቶብኛል» አሉት። እማዬ ዞራ አየችኝ። አባዬ እጁን ሰዶ ትከሻቸውን ያዘው። አልሳቅንም። እኔ እንኳ አልሳቅሁም፤ ቆይቶ ግን ያንን ሰዓት ሳስበው ከሁሉ በላይ ያስፈራኝ እሱ ነው። ጋሼ ካርታ መንገድ ጠየቁ።

ቀዶ ሕክምናው ክፍል በር ላይ አባዬ ለእማዬ የነገራትን አልሰማሁም፤ ለኔ ግን «ፈተናሽን ውደቂና አሳይሻለሁ» አለኝ። በድምፁ የተናገረኝ የመጨረሻው እሱ ነው። ሌላ ትልቅ ነገር ጠብቄ ነበር።

የጠየቅሽኝን በቅደም ተከተል። ሁሉም አልወጣለትም። ማንቁርቱ ወጥቷል፤ ዕጢው ግን ከኋላ፣ ጀርባ አጥንቱ ጋ፣ ቢላ ያልደፈረው ቀርቷል። ሐኪሙ ይህን የነገረው አልጋው ዳር ቆሞ፣ ለሱ ነው፤ ወደ ኮሪደር ሊወጣ ሲል አባዬ የጋውኑን እጅጌ ይዞ አስቀረው። ስንት ጊዜ እንዳለው በጣቱ ጠየቀ። ሐኪሙ የመለሰውን በደብዳቤ አልጽፍልሽም።

አንገቱ ሥር ቀዳዳ አለ፤ የሚተነፍሰው በሱ ነው። መጀመሪያ ሳየው ወጥቼ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። አሁን ለምጄዋለሁ፣ እንዲያውም እኔ ነኝ የማጸዳው፤ እማዬ አልቻለችም። ለመጻፍ ሰሌዳ ገዝተውለታል፤ አይወደውም፤ ጠረጴዛ ማንኳኳት ይሻለዋል።

«ይስቃል?» ብለሻል። እስከ ትናንት ድረስ አልሳቀም ነበር። ጠያቂ ሁሉ እየመጣ «እስቲ የአባትሽን ድምፅ አውጪልን፣ ትችይበታለሽ አሉ» ይለኛል። እምቢ እላለሁ። ትናንት ማታ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ በአፉ ውኃ እንዲሞክር ተፈቀደለት። ነርሷ ማንኪያውን ሰጠችውና «ዋጥ ያድርጉ አባት» አለችው። ያዘውና ፈራ፤ ልክ እንደዚያን ዕለት። ከዚያ ወደኔ ዞሮ በጣቱ ከንፈሩን፣ ቀጥሎ ጆሮውን ነካ። በይ፣ ድገሚልኝ ማለቱ ነው።

እና ያኔ ያልኩትን አልኩት። በሱ ድምፅ፣ በመናኸሪያው ድምፅ፦ «ክቡራን ተሳፋሪዎቻችን፣ ከአፍ ተነስቶ ወደ ሆድ የሚጓዘው ምራቅ ሊነሳ ስለሆነ፣ ትኬት የቆረጣችሁ ባስቸኳይ ወደ መውጫ አንድ። ዕቃችሁን ጥርስ ሥር እንዳትረሱ።»

ይሄው ነው። ይህን ያህል ስትጠይቂኝ የከረምሽው ይሄ ነው። ይህ ነው ነጥብሽን ያሳታት።

ሳቀ፣ እትዬ። ትከሻው ተናወጠ፣ ሆዱ ተናወጠ፣ ዓይኑ እንባ አቀረረ፣ ውኃው ደረቱ ላይ ፈሰሰ። ምንም አልተሰማም። በቀዳዳው አየር ገብቶ ሲወጣ ብቻ ይሰማል። ልክ እንዳንቺ ፊልም።

ሳቁ ሲያልቅ ሰሌዳውን አስመጣና ስምሽን ጻፈ። ከሥሩ ምንም የለም፤ ስምሽን ብቻ። ከዚያ በጉልበቱ ላይ አስቀምጦ በሩን ሲያይ አመሸ።

ደህና ነው አልልሽም። ሾፌሩ ሐሙስ ከናንተ ወደዚህ ይመለሳል፣ ከኋላው ላንቺ አንድ ወንበር ያዝልኝ ብዬዋለሁ። ደብዳቤ አትመልሺልኝ። ነዪ።

ምላጭ